አይጠየፍ ሳይነካ ይለካ

ለደሴ ከተማ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ኃላፊ፦

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ከአያቴ ቤት ልጀምር። ሸዋ በር አካባቢ የነበረች ፎቅ ቤት ናት፤ በረንዳዋ በእጅ የተፈለፈለ እንጨት ነበረው። ዛሬ ፈርሳለች። እጃችን ላይ የቀረው አንድ የሠርግ ፎቶ ነው። እሱም ላይ ሙሽሮቹና ሚዜዎቹ ተደርድረው በረንዳውን ጋርደውታል። ከአክስቴ ትከሻ በላይ ብቻ ስንዝር የማትሞላ ፍልፍል ትታያለች። እሷን ይዤ አናጢ ዘንድ ሄድኩ። «ልኩስ?» አለኝ። ምን ልበለው?

አይጠየፍ አዳራሽም እንዲህ እንዳይሆንብን ፈርቻለሁ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት፣ ሀብታሙና ድሃው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ሳይጠያየፍ የተጋበዘበት ቤት ነው። ዕድሜው ከመቶ ዓመት አልፏል፤ ጥገና መፈለጉ አይቀርም። አንድ አሮጌ እንጨት ሲቀየር ደግሞ የቀድሞው አሠራር አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ አንዲት ሚስማር ከመነቀሏ በፊት ሕንፃው በስሪዲ፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ በሁሉም አቅጣጫ ሊዞርና ሊለካ በሚችል ምስል፣ ይመዝገብልን።

ነገሩ ሩቅ አይደለም። በሠፈሬ ያለ አሮጌ የድንጋይ በር በስልኬ ሞክሬያለሁ። ዙሪያውን እየዞሩ ማንሳት ነው፤ እያንዳንዱ ፎቶ ከቀጣዩ ጋር ከግማሽ በላይ መደራረብ አለበት። ፎቶዎቹ የሚገቡበት የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚመሳሰሉትን ነጥቦች ፈልጎ ካሜራው የት እንደነበረ ያሰላል፣ ቅርጹንም ያወጣል። ልኩን እንዲያውቅ አጠገቡ ሜትር ይጋደማል። ላፕቶፔ ሲሠራ አደረ። ጠዋት በሩን ስክሪን ላይ ሳዞረው ጉበኑ ላይ ያለችው ስንጥቅ ሳትቀር አለች። ለዓመቱ ደግሜ አንስቼ ስንጥቋ መስፋት አለመስፋቷን አስተያያለሁ። ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

ለአዳራሽ ግን የስልክ ፎቶ አይበቃም። ጣሪያው ድሮን፣ ውስጡ የሌዘር ስካነር፣ ማለትም በጨረር ርቀት እየለካ ቅርጽ የሚያወጣ መሣሪያ፣ ይፈልጋል። እዚሁ ወሎ ውስጥ፣ ላሊበላ ላይ፣ ዛማኒ ፕሮጀክት የተባለው የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የቅርስ መዝጋቢ ቡድን አብያተ ክርስቲያናቱን በሌዘር መዝግቧቸዋል። የፓሪሱ ኖትርዳም በ2011 ሲቃጠል ቀድሞ የተወሰደው የሌዘር ልክ መልሰው ሲሠሩት ጠቅሟቸዋል። እኛም በ2014 የደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ አይተናል። ክፉ ቀን ቀጠሮ አይሰጥም።

የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች ቢጋበዙ ለእነሱም ትምህርት ነው። ፋይሉ ግን አንድ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ብቻ እንዳይቀር አደራ። ቅጂው ወሎ ዩኒቨርሲቲና አዲስ አበባ፣ ቅርስ ባለሥልጣን ዘንድም ይቀመጥ።

የመግቢያ ፈቃዱን ብቻ ይስጡን። መሰላሉንና ሜትሩን ይዤ የምመጣው እኔ ነኝ።

የከተማዎ ነዋሪ፣ ከደሴ