«ካምቢዮው ይውረድ» ከመባሉ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ማርሽ አልገባ ያለው አሮጌ መኪና ጋራዥ ሲደርስ ብዙ ጊዜ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል «ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ይውረድ» ነው። የማውረጃው ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ ጥፋቱ የአንዲት ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ሆኖ ይገኛል። መኪናው ሳይፈታ የሚደረገውን ፍተሻ ለአሮጌ ኮሮላና መሰል መኪና ባለቤቶች እንድታደርሱልኝ እጠይቃለሁ።

ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያላቅቀውን) እየረገጣችሁ ማርሾቹን ተራ በተራ አስገቡ። ከዚያ ሞተሩን አስነሥታችሁ ድገሙት። ሞተሩ ሲጠፋ ሁሉም እየገቡ ሲነሣ እምቢ ካሉ የሚጠረጠረው ፍሪሲዮኑ እንጂ ካምቢዮው አይደለም። ምስክሩ የኋላ ማርሽ ነው፤ በአብዛኞቹ አሮጌ መኪናዎች ሲንክሮ (ማርሽ ሳይጮኽ እንዲገባ ፍጥነት የሚያስማማው ክፍል) ስለሌለው አይዋሽም። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው) እየሠራ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ እስከ 5 ቁጠሩና አስገቡት። እስከዚያ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ መቆም ነበረበት። አሁንም ከጮኸ ሸራው (የፍሪሲዮኑ ዲስክ) ከቮላኖው (ሞተሩ ከሚያዞረው ከባድ ክብ ብረት) አልተላቀቀም።

እዚህ ላይ ኮፈኑን መክፈት ነው። የፍሪሲዮን ዘይቱ ጎድሏል? ፔዳሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ሲረገጥ ማርሹ ከገባ መስመሩ አየር ይዟል፣ አለዚያም ዘይቱን የሚገፋው ፖምፓ ጎሚኒ አልቋል። የታችኛውን (ካምቢዮው ጋ ያለውን) ፖምፓ አቧራ መከላከያ ጎማ ገለጥ አድርጉ፤ ውስጡ ዘይት ካቆረ ጥፋተኛው ተገኘ። ደርቆ ከተገኘ ረዳት ፔዳሉን ይርገጥ፣ እናንተ የፖምፓውን ዘንግ ተመልከቱ። ጉዞው ከአንድ ሴንቲ ሜትር በጣም ካነሰ የላይኛው (ፔዳሉ የሚገፋው) ፖምፓ እየገፋ አይደለም። በብዙ ቶዮታዎች የፔዳሉ ባዶ ጉዞ (ሥራ ሳይጀምር የሚወርደው) ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ ከበለጠ መጀመሪያ እሱን ማስተካከል ነው። የጎደለውን የምትሞሉት መመሪያው በሚያዘው የፍሬን ዘይት፣ አብዛኛውን ጊዜ በዶት 3 ነው። የሞተር ዘይት የጨመረ ሰው ጎሚኒዎቹን አሳብጦ ሁለቱንም ፖምፓ ይገዛል።

ሞተሩ ጠፍቶም ማርሹ ከከበደ ወይም የማርሹ ዘንግ እጅ ላይ ከተንገዋለለ ማርሹን ወደሚስቡት ኬብሎች ሂዱ። ጫፋቸው ላይ ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ ስታልቅ ማርሹ ቦታውን ይስታል። ዋጋዋ ከካምቢዮ ማውረጃ ጋር አይወዳደርም።

የሚያስቸግረው አንድ ማርሽ ብቻ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ሁለተኛው ነው። ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ዜሮ አድርጉ፣ ልቀቁና ነዳጅ ነካ አድርጉ፣ እንደገና ረግጣችሁ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ አውርዱ። በዚህ መንገድ ያለ ድምፅ ከገባ የሲንክሮው የነሐስ ቀለበት ተበልቷል፤ ያን ጊዜ መካኒኩ ይውረድ ቢል እውነቱን ነው። ማርሽ የሚተፋ (የገባውን ማርሽ በራሱ የሚለቅ) መኪና ግን ከመፈታቱ በፊት የሞተሩና የካምቢዮው ጎማ መቀመጫዎች ይታዩ።

ድምፅም ይናገራል። ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ የሚያጉረመርመው ፍሪሲዮን ሲረገጥ ዝም ካለ የመግቢያው ዘንግ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ነው፤ ሲረገጥ ከመጣ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ።

ዘይቱን በተመለከተ አንድ ቅሬታ አለኝ። «90 ቁጥር» ተብሎ የተገዛው ዘይት ለዲፈረንሻልም ለካምቢዮም ይጨመራል። ለዲፈረንሻል የሚሠራው ጂኤል 5 የተባለው የዘይት ደረጃ ለአንዳንድ ካምቢዮ አይስማማም፤ ሲንክሮው ይዞ እንዳያቆም ያንሸራትተዋል፣ ነሐሱንም ሊጎዳ ይችላል። በደጋው ብርድ ማለዳ ሁለተኛ ማርሽ ከብዶ መኪናው ሲሞቅ የሚላላ ከሆነ ወፍራሙን ዘይት ጠርጥሩ። መመሪያው ከፈቀደ 75ደብልዩ-90 ጂኤል 4 ይሻላል። ስትቀይሩ መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም። የማፍሰሻውን ቡሎን ሳትነኩ በፊት መሙያውን ፍቱ፤ መሙያው እምቢ ካለ ባዶ ካምቢዮ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ዘይቱ ከመሙያው ቀዳዳ አፍ ላይ ሲደርስ በቃ። በፈሰሰው ዘይት ውስጥ ወርቅማ ብናኝ ካያችሁ ከነሐሱ የመጣ ነው፤ የብረት ስብርባሪ ካያችሁ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ ነው።

ካምቢዮው የግድ ከወረደ ደግሞ ሸራውን ብቻ ቀይራችሁ አትስቀሉት። ሸራውን የሚጫነው ብረት፣ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታና ከቮላኖው ኋላ ያለው የሞተሩ ኦይል ሲል (ዘይት ማገጃ) አብረው ይታዩ። ኦይል ሲሉ ካፈሰሰ አዲሱን ሸራ ዘይት ይነካዋል፤ መኪናውም ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አይሄድም።

አንድ መካኒክ፣ ከአዲስ አበባ