ስሙን ብቻ ሳይሆን መጠቅለያውንም እዩልን፦ ለንግድ ምልክት መዝጋቢው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

ቸኮሌትና ከረሜላ አምራች ነኝ። ምልክቴ በኒስ ምደባ (ዕቃዎችና አገልግሎቶች ለንግድ ምልክት ምዝገባ በሚከፈሉበት ዓለም አቀፍ ዝርዝር) ቸኮሌትና ከረሜላ በሚገኙበት 30ኛው ምድብ ከተመዘገበ ቆይቷል። በቅርቡ አንድ ሌላ አምራች ባስገባው የንግድ ምልክት ምዝገባ ማመልከቻ ላይ ያቀረብኩት መቃወሚያ ውድቅ ሆነ። ለመጻፍ ያነሣሣኝ ውድቅ የተደረገበት መንገድ ነው።

ውሳኔው የሁለቱን ስሞች ፊደላት ቆጥሯል፣ አነባበባቸውን አነጻጽሯል፤ «ስሞቹ ስለሚለያዩ ሸማቹ አይደናገርም» ብሎም ዘግቷል። አመልካቹ ግን ያስገባው ሙሉ መጠቅለያውን ነው፦ ቡናማ መደብ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚወርድ ሰያፍ ቢጫ መስመር፣ ጥጉ ላይ የተቆረሰ ቸኮሌት። የእኔም ይኸው ነው፤ የመስመሩ ስፋት እንኳ አልተለወጠም። ስለዚህ መመሳሰል በውሳኔው ላይ አንድም ቃል አልተጻፈም።

ከረሜላ እንዴት እንደሚገዛ ያስቡልኝ። ሁለት መጠቅለያ ጎን ለጎን አድርጎ የሚመረምር ገዢ የለም። ሰው ባለፈው የቀመሰውን በልቡ ይዞ ይመጣል፤ የሚያስታውሰውም ቀለሙን ነው። ብዙ ጊዜም ገዢው ገና ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ነው፤ «ያንን ቢጫ መስመር ያለውን» ብሎ በጣቱ ይጠቁማል። እናቱም የጠቆመውን ትገዛለታለች።

ቡናማ ቀለም ለእኔ ብቻ ይሰጠኝ አልልም፤ የቸኮሌት የራሱ መልክ ነውና። ቅርጽም በዋዛ አይሰጥ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 የስዊዘርላንዱ ቸኮሌት አምራች ሊንት በወርቃማ ወረቀት የጠቀለለውን የቸኮሌት ጥንቸል ቅርጽ፣ ከሌላው ለይቶ አያሳውቅም ብሎ አልተቀበለውም። በ2022 ግን የስዊዘርላንድ ፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ሕዝቡ ጥንቸሉን አይቶ እንደሚያውቀው ስለተረዳ፣ የሱቆች ሰንሰለት የሆነው ሊድል ተመሳሳዩን እንዳይሸጥ ከልክሏል። ሁለቱም ፍርድ ቤቶች የመዘኑት ሸማቹ ዕቃውን አይቶ የማን መሆኑን መለየት መቻሉን ነው። እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ተመሳሳይ ምልክት ፍለጋችሁም 30ኛው ምድብ ላይ አይቁም። መድኃኒትነት ያለው ከረሜላ በ5ኛው፣ የተቆላ ለውዝ በ29ኛው ምድብ ይመዘገባሉ፤ መደርደሪያ ላይ ግን ጎረቤታሞች ናቸው።

መቃወሚያ ውድቅ ሲደረግ መርማሪው ስለ መጠቅለያው ያየውን በጽሑፍ እንዲያሰፍር መመሪያ ይስጡልን። የእኔ ጉዳይ እንደገና እንዲታይም አመልክቻለሁ። ሁለቱ መጠቅለያዎች ከመዝገቡ ጋር ተያይዘዋል፤ እባክዎ ስሞቹን በጣትዎ ሸፍነው ይዩዋቸው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የቸኮሌት አምራች