መጽሐፉ ይከበር የሚሉት መጽሐፉን አንብበውታል ወይ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ መጽሐፍና ፊልም የወጣችውን ጽሑፍ አነበብኳት። ጸሐፊው በፊልም ላይ የገፀ ባህሪን ዘርና መልክ መቀየር ደራሲውን መናቅ ነው ይላሉ። እሺ፣ ደራሲ ይከበር ከተባለ እኔም አለሁበት። ግን ለምሳሌ ያመጡት የ2023ቱን የዲዝኒ ፊልም ሊትል ሜርሜይድን ነው፣ ግማሽ ዓሣ የሆነችውን ልጅ የምትጫወተው ሃሊ ቤይሊ ጥቁር ስለሆነች ታሪኩ ተበላሸ ለማለት፣ እና እዚች ጋ ነው ያልተግባባነው።

ድርሰቱ እኮ የዴንማርኩ ተረት ጸሐፊ የአንደርሰን ነው፣ በ1837 የወጣ (ዓመቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። እውነቱን ለመናገር አንደርሰን ልጅቷን ቆዳዋ እንደ ጽጌረዳ የጠራ፣ ዓይኗም እንደ ጥልቅ ባህር ሰማያዊ ነው ብሎ ጽፏል፣ ይሄን አልክድም። ኤሪየል የሚለው ስምና ያ ሁሉም የሚያለቅስለት ቀይ ፀጉር ግን የመጡት ከ1989ኙ የዲዝኒ ካርቱን ነው፣ አንደርሰን ጋ ልጅቷ ስም እንኳን የላትም። ደሞ መጨረሻውን እዩት። በድርሰቱ ልዑሉ ሌላ ሴት ያገባል፣ እህቶቿ በፀጉራቸው ለውጠው ቢላ ያመጡላትና እሱን ግደዪውና አንቺ ትተርፊያለሽ ይሏታል፣ እሷ ግን እጇ እምቢ ይላትና ባህር ውስጥ ገብታ አረፋ ትሆናለች፣ ከዛ ነው የአየር መንፈስ የምትሆነው። ካርቱኑ ይሄን ሁሉ ገልብጦ ሰርግ አደረገው። ሰርግ! የታሪኩ ሆድ ዕቃ እንዳለ ወጥቶ ሲጣል ዝም ያለ ሰው ቆዳ ሲቀየር ደራሲው ተናቀ ብሎ ከጮኸ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና እሱ የሚከራከረው ለአንደርሰን ሳይሆን ልጅ ሆኖ ላየው ካርቱን ነው። ያም ነውር የለውም፣ ልጅነት ነው፣ ግን የሞተ ደራሲ ስም ምን አገባው?

ከሱ የባሰውን ልንገራችሁ። ከመጽሐፍ የተሰራው ሀንገር ጌምስ የሚባለው ፊልም በ2012 ሲወጣ ሩ የምትባለዋ ትንሽ ልጅ ለምን ጥቁር ሆነች ብለው ትዊተር ላይ ሲናደዱ የነበሩት መጽሐፉን አንብበናል የሚሉ ሰዎች ናቸው፣ መጽሐፉ ደሞ ቆዳዋም ዓይኗም ጥቁር ቡናማ ነው ብሎ ቁልጭ አድርጎ ጽፎታል። አይናቸው ቃሏ ላይ አልፎ ሄዷል ማለት ነው፣ ጭንቅላታቸው የራሱን ስዕል ስሎ ጨርሶ ስለነበር።

እና እኔ መልክ ምንም አይደለም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ለኔ ጥያቄው መልኩ ታሪኩ ውስጥ ስራ አለው ወይስ የለውም ነው። ሻውሻንክ ሪደምፕሽን የሚለው የእስር ቤት ፊልም ላይ ያለው ሬድ (ቀዩ ማለት ነው) በስቲቨን ኪንግ ድርሰት ቀይ ፀጉር ያለው አይሪሽ ነው፣ ጥቁሩ ሞርጋን ፍሪማን ሲጫወተው ምን ጎደለ? ምንም፣ እንደውም ለምን ሬድ ትባላለህ ሲሉት አይሪሽ ስለሆንኩ ይሆናላ ብሎ ያሾፋል። የረጅም ዓመት እስረኛ መሆኑ ነው የሰውዬው ነገር፣ ፀጉሩ አይደለም። የዉዘሪንግ ሃይትስ ልቦለዱን ሂዝክሊፍን ውሰዱ ግን። ኤሚሊ ብሮንቴ በ1847 ስትጽፈው ጠቆር ያለ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ፣ ቤተሰቡም ጎረቤቱም እንደ ባዕድ የሚያየው ልጅ ነው፣ በቀሉ ሁሉ የሚጀምረው ከዛ ነው። በ1939ኙ ፊልም ነጩ እንግሊዛዊ ሎረንስ ኦሊቪየር ተጫወተው፣ አሪፍ ተዋናይ፣ ግን ያንን ሰውዬ ባዕድ ያደረገው ነገር ከፊቱ ላይ ጠፋ። ኧርዝሲ የሚባለው ልቦለድም እንደዛው፣ ደራሲዋ ኧርሱላ ለጉዊን ዋና ገፀ ባህሪውን ጌድን ሆን ብላ ቀይ ቡናማ አድርጋ የጻፈችው ጀግና ሁሌ ነጭ መሆን የለበትም ብላ ነው፣ በ2004 ለቴሌቪዥን ሲሰሩት ነጭ አደረጉት፣ በህይወት ስለነበረች ራሷ ወጥታ ተቃወመች። የደራሲ ንቀት ካላችሁ ይሄ ነው፣ የናንተ ጸሐፊ ግን ስለዚህ አንድ መስመር አልጻፉም።

እውነተኛ ሰው ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ክሊዮፓትራን ዶክመንተሪ ብለህ ካቀረብክ ስለ ዘሯ የሚታወቀው ነገር፣ የመቄዶንያ ግሪክ ቤተሰብ መሆኗ፣ ይመለከትሃል፣ በ2023 የኔትፍሊክስ ዶክመንተሪ ላይ ጥቁር ተዋናይት ስትጫወታት ግብፆች ቢቆጡ አልፈርድባቸውም። ነጩን አሜሪካዊ የካውቦይ ተዋናይ ጆን ዌይንን የሞንጎሉ ጄንጊስ ካን ያደረጉት ሰዎች ደሞ፣ 1956 ላይ፣ ምን እንደጠጡ እግዜር ይወቀው።

አንድ ነገር ላይ ግን ከጸሐፊው ጋር ነኝ፣ ስቱዲዮዎቹ ሰነፎች ሆነዋል። ተዋናዩን ይቀይሩና ስክሪፕቱን አይነኩትም፣ ዓለሙ፣ ንግግሩ፣ ቤተሰቡ ምኑም ሳይታሰብበት አዲሱን ሰው እዛ ውስጥ ያቆሙታል፣ ከዛ ፊልሙ ደካማ ነው ስትላቸው ዘረኛ ነህ ይሉሃል። በዚህ መሃል ስድቡን የምትቀበለው ተዋናይዋ ናት፣ ያውም ትሬለር ብቻ አይተው፣ ስክሪፕቱን የጻፈውን ሰው ስም ግን ማንም አያውቀውም።

ስለዚህ ጸሐፊው በሚቀጥለው ሲመለሱበት ባላስቸግራቸው አንድ ነገር ይመልሱልኝ፦ የ1989ኙ ሰርግ ላይ ምን ይላሉ?

አንባቢያችሁ