ሌሊቱን ሙሉ ስለሚጮኽ የጎረቤት ውሻ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በሐዋሳ የመኖሪያ ሰፈሮች ሌሊቱን ሙሉ ስለሚጮኹ ውሾች ነው የምጽፈው። ሌባ ለመከላከል ውሻ ማሳደግን አልቃወምም። ግን ዝም ብሎ የሚጮኽ ውሻ ጠባቂ አይሆንም። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ከጮኸ፣ ሌባ የመጣ ዕለት ማን ብቅ ይላል? የጎረቤቴ ውሻ በሩ ሥር በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ይውላል፤ እዚያው ያድራል። የሚዞርባት መሬት ሣር አልቆባት አፈር ብቻ ቀርታለች። አንገቱ ላይ ጠጉሩ ረግፏል። የሚጮኸው ጨንቆት ነው፤ ያሳዝነኛል። ከአጥሩ ወዲህ ደግሞ ልጄ ጆሮዋን ይዛ ለፈተና ታጠናለች።

ብዙ ሰው «ጉርብትና ነው፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ይተወዋል። ሆኖም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 1225፣ ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጩኸትን ይከለክላል። ለውሻ ጩኸት ብሎ ፍርድ ቤት የሚሄድ ግን ማን አለ?

ስለዚህ ቀበሌዎች ውሾች የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሲሰጣቸው ባለቤቶቹን ይመዝግቡ። ውሻው ግቢ ውስጥ እንዲፈታ፣ ሌሊትም ከጎረቤት መኝታ ቤት ርቆ እንዲያድር ያስፈርሟቸው። አቤቱታ ሲቀርብ የሰፈር ሽማግሌዎች ከቀበሌው ሰው ጋር ሄደው ቦታው ላይ ይዩት።

አንድ አንባቢ፣ ከሐዋሳ