ችካሉ ሲተከል ማን ነበረ?

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ጋዜጣችሁ በጎረቤት አገሮች መካከል በየጊዜው ስለሚያገረሹ የድንበር ግጭቶች የሚያወጣቸውን ዘገባዎች፣ ከከተማው ዳርቻ ከየካ አባዶ ሆኜ፣ አንድም ሳላስቀር አነባለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ግን ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ የሰጠሁት አንድ የክፍል ሥራ ነው።

ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ባለፈው ሰሞን በምድር ላይ የሌሉ ሁለት አገሮች ፈጠርን፤ ተማሪዎቹ አንደኛዋን ወይራ፣ ሌላይቱን ዝግባ ብለው ሰየሟቸው። በመካከላቸው ወንዝ አለ፤ በወንዙ ዳር ሁለቱም የእኔ ነው የሚሉት ለም መሬት አለ፤ በዚህ መሬት ሰበብ ሁለት ጊዜ ተዋግተው ሁለት ጊዜ ታርቀዋል፤ ሦስተኛው ጦርነት ደግሞ እያንዣበበ ነው። ሚና ተከፋፍለው እንዲደራደሩ ስነግራቸው ለፕሬዚዳንትነቱ ተሻሙ፤ ጄኔራል የሚሆን አልጠፋም፤ አደራዳሪና ጋዜጠኛም ተገኘ። ያንን መሬት የሚያርሰውን ገበሬ ልሁን ያለ ግን አንድም አልነበረም። ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ስለ ክብርና ስለ ሉዓላዊነት ተከራክረው ሊያበቁ ሲሉ፣ ከኋላ የተቀመጠች ዝምተኛ ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ክረምት ወንዙ ሞልቶ አቅጣጫውን ቢቀይር ድንበሩ አብሮት ይሄዳል?» ስትል ጠየቀች። ፕሬዚዳንቶቹም ጄኔራሎቹም ዝም አሉ።

ጥያቄዋ ቀላል አይደለም፤ እኛም ዋጋ የከፈልንበት ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ድንበር የተወሰነው ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በሐምሌ 1892፣ በግንቦት 1894 እና በግንቦት 1900 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር በተፈራረሟቸው ሦስት ውሎች ነው፤ በሁለተኛው ውል ላይ እንግሊዝም አለችበት። የመጀመሪያው ውል መካከለኛውን ክፍል የመረብን፣ የበለሳንና የሙናን ወንዞች አስይዞ ያልፋል። ሁለተኛው በምዕራብ በኩል ከሰቲት ወንዝ ተነሥቶ ማይተብ የሚባል ወራጅ ውኃ ይከተልና፣ የኩናማ ሕዝብ በኤርትራ በኩል እንዲሆን ይደነግጋል። ሦስተኛው ከባሕሩ ጠረፍ 60 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ከጠረፉ ጋር ትይዩ ይጓዛል። በወረቀት ሲነበብ ምንም የጎደለ ነገር ያለው አይመስልም። ሆኖም ማይተብ የትኛው ገባር ነው የሚለው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በኋላ ዘ ሄግ ድረስ ሄዶ አከራክሯል። (ውሉን ያረቀቁት ሰዎች ውኃውን ቀርበው አይተውት እንደሆነ እጠራጠራለሁ።) ከሦስቱ ውሎች ለአንዱም እንኳ በምድሩ ላይ ችካል አልተተከለም።

ከግንቦት 1990 እስከ ሰኔ 1992 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ መቀመጫውን ዘ ሄግ ያደረገ፣ አምስት አባላት ያሉት የድንበር ኮሚሽን ተቋቁሞም ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ውሳኔውን አሳወቀ። ያንን ሰሞን አልረሳውም። ሁለቱም መንግሥታት ውሳኔውን በደስታ ተቀበልን አሉ፤ ጦርነቱ የተጀመረባት ባድመ ለማን እንደደረሰች ግን ተራው አንባቢ ቀርቶ ካርታ ማንበብ ሙያዬ ነው የምለው እኔም በወጉ መለየት አልቻልኩም፤ በድምዳሜው ውስጥ የተዘረዘሩት ነጥቦች እንጂ የከተማዋ ስም አልነበረምና። ባድመ በኤርትራ በኩል እንደምትገኝ ኮሚሽኑ በግልጽ ያስታወቀው በመጋቢት 1995 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ በአፈጻጸሙ ላይ መግባባት ስለጠፋ ችካል መትከሉ ቀረ፤ ኮሚሽኑም በኅዳር 1999 ዓ.ም. የችካሎቹን ቦታ በካርታ ላይ በነጥብ ብቻ ዘርዝሮ፣ ቆየት ብሎ ሥራውን አበቃ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. መሪዎቹ አስመራ ላይ ሲፈራረሙና በ2011 መስከረም 1 ቀን በዛላምበሳ በኩል መንገዱ ሲከፈት እንደማንኛውም ሰው በደስታ አልቅሻለሁ። መንገዱ ግን ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ተዘጋ።

ችካል ስለተተከለ ብቻም ነገሩ አያልቅም። ከሱዳን ጋር ባለን ድንበር ሜጀር ቻርልስ ግዊን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1903 ምልክት አድርጓል፤ የኢትዮጵያ ተወካይ ግን አብሮት አልነበረም። በ1964 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት በደብዳቤ ልውውጥ ቢስማሙም፣ ሁለቱም የእኔ ነው የሚሉት ለም የድንበር መሬት፣ የአልፋሽጋ ጉዳይ፣ እስከ ዛሬ ያልደረቀ ቁስል ነው።

ባደግሁበት ገጠር ሁለት ወሰንተኞች ሲጣሉ ሽማግሌ የሚሰማቸው ከቤት ተቀምጦ አልነበረም፤ ሁሉም ተያይዘው እማሳው ድረስ ይወርዱ ነበር። ድንጋዩ ሲቀበር ሁለቱም ባለመሬቶች በግራና በቀኝ ይቆማሉ፤ የየቤቱ ልጆችም ነገ ምስክር እንዲሆኑ ይጠራሉ። እኔም እንዲህ ተጠርቼ አንድ ድንጋይ ሲቀበር አይቻለሁ፤ ዛሬ ብትወስዱኝ ቦታውን ሳልስት አሳያችኋለሁ። አገሮችን እንደ ሁለት ማሳ መቁጠር የዋህነት እንደሆነ አላጣሁትም፤ ነገር ግን በአልጀርሱም በግዊኑም ጉዳይ የጎደለው ይኸው ይመስለኛል።

ለጋዜጣችሁ የማቀርበው ቅሬታም ከዚህ ይነሣል። ዘገባዎቻችሁ «ድንበሩ ተካለለ» ሲሉ፣ መስመሩ በወረቀት ተወሰነ ማለታቸው ይሁን ወይስ በምድሩ ላይ ችካል ቆመ ማለታቸው፣ አይታወቅም። አንድ ቃል ለሁለት የተለያዩ ሥራዎች ሲውል አንባቢ ያላለቀውን አለቀ ብሎ ይቀመጣል፤ ግጭቱ ሲያገረሽም አንዱ ወገን የተፈጸመ ውል ያፈረሰ ይመስለዋል። ከእንግዲህ ሁለቱን ለይታችሁ ብትጽፉ፣ ከዘገባው ጎንም ወንዙንና መንደሮቹን የሚያሳይ ካርታ ብታትሙ፣ ምን ያህል ታንክ ተጠጋ ከማለት አልፋችሁ በዚያ መስመር ላይ ማን እንደሚያርስ፣ ማን ከብቱን የት እንደሚያጠጣ ብትጠይቁ እወዳለሁ። ካርታ ማተም ወጪ እንዳለው አውቃለሁ፤ የባለሥልጣናት የእጅ መጨባበጥ ፎቶግራፍም ግን ቦታ ይይዛል።

ተማሪዎቼን በተመለከተ፣ የክፍል ሥራውን በሚቀጥለው ሳምንት እንደግመዋለን። ወንዙን የጠየቀችው ልጅ ቤቷ በወይራ፣ የውኃ ጉድጓዷ በዝግባ የሆነ ሴት እንድትሆን ተስማምታለች፤ ከእርሷ ፈቃድ ውጪ ችካል እንደማይተከልም ለፕሬዚዳንቶቹ አስቀድሜ ነግሬያለሁ። እስከዚያ ደህና ካርታ ካተማችሁ ከሰሌዳው አጠገብ እንለጥፈዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጂኦግራፊ መምህር
የካ አባዶ፣ አዲስ አበባ