የኪራይ ቁጥጥሩ ይኑር፣ ቤቱ ግን ከየት ይምጣ?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ መኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጁ፣ ማለትም ስለ ቁጥር 1320/2016፣ ኢኮኖሚስቶቻችን የሚከራከሩትን እንደ ተከራይ እከታተላለሁ። አንዱ ወገን መንግሥት እጁን ያንሳ ይላል። ሌላው ደግሞ ገበያው ለአከራይና ለደላላ ከተተወ ድሃው ሜዳ ላይ ይወድቃል ይላል። በእኔ እምነት ሁለቱም የሚነግሩን ግማሹን ነው።

ክርክሩ የቆየ ነው። አሜሪካውያኑ ኢኮኖሚስቶች ሚልተን ፍሪድማንና ጆርጅ ስቲግለር እ.ኤ.አ. በ1946 የኪራይ ጣሪያን ተቃውመው ጽፈዋል። በቅርብ ዓመታት ግን ነገሩ በቁጥር ተለክቷል። የአሜሪካዋ ከተማ ሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ1994 ቁጥጥሩን ከ1980 በፊት ወደተሠሩ ትናንሽ አፓርትመንቶች አሰፋች። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ውጤቱን ሲያጠኑ ተከራዮቹ በቤታቸውና በሰፈራቸው የመቆየት ዕድላቸው ጨምሮ አገኙት፣ አከራዮቹ ደግሞ ቤቱን እየሸጡና ለሌላ አገልግሎት እያዋሉ ለኪራይ የሚያቀርቡትን በ15 በመቶ ቀንሰው በከተማዋ ኪራይ 5 በመቶ ያህል ጨመረ። ቤት ውስጥ ያለው ተጠቀመ፣ ቤት ፈላጊው ከፈለ።

የእኛም አዋጅ ቤት ውስጥ ላለው ሰው ትልቅ ነገር አድርጓል። ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር አይበልጥም። ልጆቹን ትምህርት ቤት አስገብቶ በዓመቱ አጋማሽ ጨምር ወይም ልቀቅ የተባለ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቃል። ስለዚህ ቁጥጥሩ ይነሳ የሚለኝን ምሁር አልሰማውም! ግን ትናንት ተጋብተው ዛሬ ቤት የሚፈልጉትን፣ ለሥራ ከክፍለ ሀገር የመጣውን ወጣት ማን ያስባቸው? ለእነሱ የሚደርሳቸው አዲስ ቤት ሲሠራ ብቻ ነው።

ነፃ ገበያ የሚሉትም አንድ ነገር ይመልሱልኝ። የትኛው ነፃ ገበያ? የከተማ መሬት ከ1967 ጀምሮ የመንግሥት ነው። በሊዝ የሚሰጠውም እሱ ነው። መሬቱ በመንግሥት እጅ ሆኖ ስለ አከራዩ ነፃነት ብቻ ማውራት ምን ይጠቅማል?

የመንግሥትን እጅ የሚደግፉትም የቀበሌ ቤቶችን ይመልከቱ። ደርግ በሐምሌ 1967 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ ኪራይም ቀነሰ። ብዙ ቤተሰብ መጠጊያ አገኘ፣ ይህ አይካድም። ነገር ግን የሚሰበሰበው ጥቂት ብር ለጥገና አልበቃም፣ ተከራዩም የእኔ ባልሆነ ቤት ለምን አወጣለሁ አለ፣ እንዲህ እያለ ቤቱ አረጀ። ኮንዶሚኒየሙም ቢሆን በዕጣ የሚሸጥ እንጂ ለኪራይ ተብሎ የተሠራ አልነበረም። ብዙ ዕድለኛ ቤቱን አከራይቶ እሱ ሌላ ቦታ ይኖራል።

የምጠይቀው ቁጥጥሩና ግንባታው አብረው እንዲሄዱ ነው። ለኪራይ ብቻ ለሚገነባ ሰው መሬት በተመጣጣኝ ሊዝ ይሰጠው፣ ስንት ዓመት እንደሚያከራይም አስቀድሞ በውል ይታሰር። እናንተም ምሁራኑን ስትጋብዙ ይህን ጠይቁልን። የከተማ አስተዳደሩም በወረዳ የተመዘገቡትን የኪራይ ውሎች ብዛት ሲነግረን፣ በዚያው ዓመት ለኪራይ የተሠሩትን አዳዲስ ቤቶች ብዛት አብሮ ያውጣልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ተከራይ፣ ከአዲስ አበባ