ለሐረር መኪና ግርግር ሰፊዎችና ለሸዋ በር ባለሱቆች፦ የዘንድሮው የኢድ ትእዛዝ

ውድ አባላት፣

ትእዛዝ ከመቀበላችን በፊት በተመላሽ ልብስ እንስማማ። ለምሳሌ ሰፊው ቀሚሱን በ400 ብር ሠርቶ በ600 ያስረክባል፤ ባለሱቁ በ900 ይሸጣል፤ ከበዓል የተረፈው 300 ብቻ ያወጣል። ባለሱቁ ሲሸጥ 300 አትርፎ፣ ሲቀርበት 300 ስለሚከስር ፈርቶ ጥቂት ያዛል። የኢድ ዋዜማ ደንበኛ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ሁለታችንም የምንጎዳው እዚህ ጋ ነው። ሰፊው የተረፈውን በ450 ቢቀበል የባለሱቁ ኪሳራ 150 ይሆናል፣ ደፍሮም ይጨምራል። ሰፊው መልሶ በ300 ቢሸጠው እንኳ 50 ብር ይቀረዋል።

ተመላሹ ግን ከትእዛዙ 15 በመቶ አይለፍ። ገበያው እስከ ሸዋል ኢድ (ከኢድ አልፈጥር በኋላ የስድስቱ ቀን ጾም ሲያበቃ እስከሚከበረው በዓል) ስለሚቀጥል ቀነ ገደቡ ከሸዋል ኢድ ማግስት ጀምሮ 5 ቀን ይሁን። ተለክቶ አንገቱ የቆሸሸ አይመለስም።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ የ100 ቀሚስ ብትን ጨርቅ ኢድ 6 ሳምንት ሲቀረው በባለሱቁ ቀብድ ይገዛ። 60ው ወዲያው ተቆርጦ ይሰፋ፤ የ40ው ጨርቅ ሳይነካ ይቆይና ኢድ 12 ቀን ሲቀረው፣ የትኛው የልብስ ልክ እንደተሸጠ ታይቶ ይታዘዝ። ባለሱቁ ከተወው የጨርቁ ዋጋ ከቀብዱ ይቀነሳል። ጣቃዎቹ አብረው የተቀለሙ መሆናቸውን በፀሐይ ብርሃን አስተያዩ፤ በሱቅ መብራት አንድ የሚመስለው ቀይ ደጅ ሲወጣ ይለያያል።